በቤት የሚሠራ የፍሬን ማቀዝቀዣ ቱቦ፦ አየሩ ዲስኩ ላይ የት ይድረስ?

ኩርባ_ወዳድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትራክ ላይ ለምትነዳ መኪና የፊት ፍሬን ማቀዝቀዣ ቱቦ በእጄ ልሠራ ነው። ላሜራ ከመቁረጤ በፊት ዕቅዱን ብታዩልኝ።

መኪናዋ ሹፌሩን ጨምሮ 1,300 ኪሎ ግራም አካባቢ ናት፤ ሞተሯም ኃይል የሚደርሳቸው ጎማዎቿም ከፊት ናቸው። የፊት ዲስኮቹ 300 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረታቸው 26፣ መሐላቸው አየር የሚያሳልፍ ዓይነት ሲሆኑ አንዱ 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ባለ አንድ ፒስተን፣ ሸራው ለትራክ የሚሆን፣ የፍሬን ዘይቱ ተራ ዶት 4 ነው። ከ4ኛው ዙር በኋላ ፔዳሉ እየላላ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ይመለሳል።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። የጭጋግ መብራቶቹን አውጥቼ ከቀዳዳቸው 76 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ፎይል ቱቦ (የልብስ ማድረቂያው ዓይነት) መሳብ፣ ከዲስኩ ጀርባ ያለውን መከለያ ላሜራ ጨርሶ መጣል፣ የቱቦውን ጫፍ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮ ወደ ዲስኩ ገጽ ማዞር። ጥያቄዎቼ፦ አየሩ ወደ ዲስኩ ይሂድ ወይስ ወደ ካሊፐሩ? ቱቦው ይበቃል? ከፊት ያለውን አፍ በ3ዲ ፕሪንተር ባትመው ይይዛል?

ላሜራ_ቆራጭ፦

ሥራውን ከፓራውልቱ ሳይሆን ከዲስኩ ጀምረህ ወደ ፊት ና። ብዙ ሰው ከፊት የሚያምር አፍ ሠርቶ የመጨረሻዋን 10 ሳንቲ ሜትር ይረሳታል። ውጤቱን የምትወስነው ግን እሷ ናት።

መሐሉ ክፍት የሆነ ዲስክ ራሱ የአየር ፓምፕ ነው። ሲሽከረከር በሁለቱ ገጾች መካከል ባሉት ክንፎች ያለውን አየር ወደ ውጭኛው ጠርዝ ይወረውራል፤ በምትኩ ከእምብርቱ በኩል አዲስ አየር ይስባል። ያንተ ድርሻ እምብርቱ ላይ ቀዝቃዛ አየር ማቅረብ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ዲስኩ ይሠራዋል። ቱቦውን ወደ ገጹ ካዞርከው የሚቀዘቅዘው የውስጠኛው ገጽ ብቻ ነው። የውጭኛው እንደጋለ ይቀራል፣ ሁለቱ ገጾች እኩል አይለጠጡም፣ ዲስኩ እንደ ሳህን ይጎብጣል። ሲደጋገም ስንጥቅ ያወጣል። እንዲህ ከተገጠመ ቱቦ ባይኖር ይሻላል።

መጀመሪያ ዲስኩን አውጥተህ የክንፎቹ መግቢያ በየት በኩል እንደተከፈተ ተመልከት። በአብዛኞቹ ዲስኮች ከሀቡ (ጎማው ከሚታሰርበት መሐል) ጋር የሚያያዘው ቆብ የተጣበቀው ከውጭኛው ገጽ ጋር ስለሆነ መግቢያው ወደ ሞተሩ ጎን ይከፈታል፤ ለቱቦ የሚመቸው ይህ ነው። በአንዳንዶቹ ግን ቆቡ ከውስጠኛው ገጽ ጋር ነው፣ መግቢያውም ወደ ቸርኬው ይዞራል። እንዲያ ከሆነ ከውስጥ የሚመጣ ቱቦ ለክንፎቹ ምንም አያቀርብም፤ ከሥራው በፊት ዲስኩን ወደ ሌላው ዓይነት መቀየር ይቀድማል። ክንፎቹ ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ ጠማማ ከሆኑ ደግሞ የግራና የቀኙ ይለያያሉ። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ክንፉ ከእምብርት ወደ ጠርዝ ሲወጣ ከመሽከርከሩ አቅጣጫ ወደ ኋላ ያዘነበለ መሆን አለበት። በመልኩ እያዩ በግልባጭ የሚገጥሙት ብዙ ናቸው።

መከለያውን አትጣለው። እሱ አቧራን ብቻ አይደለም የሚከላከለው፤ የመሪ ዘንጉን ጫፍና የታችኛውን ክንድ መገጣጠሚያ የላስቲክ ሽፋኖች፣ የፍሬኑን ጎማ ቱቦ፣ የኤቢኤስ ሴንሰሩን ሽቦ ከዲስኩ የሚረጨው ሙቀት እንዳያገኛቸው ይጋርዳል። ጨርሶ ሲነሳ ላስቲኩ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ግሪሱ ይወጣል። እሱን ራሱን ወደ አየር ማቅረቢያ ቀይረው፦

ከወፍራም ካርቶን ቅርጽ አውጣ። የሀቡን ክብ፣ የመከለያውን ቡሎኖች ቦታ፣ የካሊፐሩን መያዣ፣ የሴንሰሩን ቀዳዳ አሳይበት። ካርቶኑ በትክክል ገብቶ ዲስኩ ሳይነካው መዞሩን ሳታይ ወደ ብረት አትለፍ። ቀጥሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ተራ የብረት ወይም የማይዝግ ላሜራ ቁረጥ። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ለመቁረጥም ይመቻል፣ ነገር ግን ከ200 ዲግሪ በላይ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከሚግል ዲስክ ጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ ለሚቀመጥ ነገር ብረት ይሻላል። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ግን እንዳትበይድ፤ ጭሱ ይመርዛል።

ከዚያ የቱቦው አንገት። 76 ሚሊ ሜትር የሆነ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ቁራጭ ቧንቧ ከላሜራው ጋር በየድ። ቀዳዳው በተቻለ መጠን ወደ ሀቡ ይጠጋ፤ የቀዳዳው መሐል ሸራው ከሚነካው ቀለበት ሥር እንጂ ከቀለበቱ ፊት አይሁን። በላሜራውና በዲስኩ መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተው። ከ3 ካነሰ ኩሽኔታው ትንሽ ሲላላና ዲስኩ ሲግል ይፋጫል፤ ከ5 በጣም ከበለጠ አየሩ ክንፎቹ ውስጥ ሳይገባ በጎን ያመልጣል። ከታች በኩል አንድ ጠባብ ክፍተት ሳይደፈን ይቅር፤ ጠጠር ሲገባ የሚወጣበት ካላገኘ ዲስኩን እየፋቀ ይዞራል።

ሙቀት_ለኪ፦

ላሜራ_ቆራጭ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ወደ ፔዳሉ ልመልስህ፣ ምክንያቱም የነገርከን ምልክት የዲስክ ብቻ አይደለም።

ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ የማትቆም ቢሆን ሸራው ከአቅሙ በላይ ሞቋል ማለት ነበር። ያንተ ግን ላልቶ ይወርዳል፣ ሲደጋገም ይመለሳል፤ ይህ በአብዛኛው የፈላ የፍሬን ዘይት ነው። እንፋሎት ይጨመቃል፣ ፈሳሽ አይጨመቅም። አንድ ሌላ አጋጣሚ አለ፦ ኩሽኔታው ላልቶ ዲስኩ በኩርባ ላይ ሲወዛወዝ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ቀጣዩ ረገጣ ባዶ ይሄዳል። መለያው ቀላል ነው። ይህኛው በመጀመሪያው ዙርም፣ ፍሬኑ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከኃይለኛ ኩርባ በኋላ ይከሰታል። ያንተ ከ4ኛው ዙር በኋላ መሆኑ ወደ ሙቀት ያመለክታል። ቢሆንም መኪናዋን በክሪክ አንሥተህ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው፤ አንድ ደቂቃ ነው።

ዶት 4 ሲባል መስፈርቱ የሚጠይቀው አዲስ ሳለ ቢያንስ 230፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ ቢያንስ 155 ዲግሪ ላይ መፍላትን ነው። እርጥብ የሚባለው ውኃው 3.7 በመቶ ሲደርስ ነው፤ ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ከጊዜ በኋላ እዚያው ይደርሳል። ለውድድር የሚሠሩት አዲስ ሳሉ ከ300 በላይ ይይዛሉ። ስለዚህ ቱቦው ሳይጀመር ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይር፣ አየሩንም በደንብ አውጣ። ሸራው ግማሹን ከጨረሰ ለትራክ አትጠቀምበት፤ በዲስኩና በፒስተኑ መካከል ሙቀቱን የሚያዘገየው ውፍረቱ ነው።

ቱቦው ምን እንደሚሠራና እንደማይሠራ በቁጥር ላሳይ። 1,300 ኪሎ ግራም ከ180 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስታወርድ 1.3 ሜጋ ጁል ያህል ወደ ሙቀት ይቀየራል። 70 በመቶው ከፊት ቢሆን ለአንድ የፊት ዲስክ 0.45 ሜጋ ጁል ይደርሰዋል። 8 ኪሎ የብረት ዲስክ በዚህ ወደ 110 ዲግሪ ይጨምራል፣ በአንድ ረገጣ ብቻ። ረገጣው ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ቱቦ ይህን ጭማሪ አይቀንሰውም። ቱቦው የሚሠራው ከረገጣው በኋላ፣ ቀጥ ባለው መስመር ላይ ነው፦ ለቀጣዩ ኩርባ በ450 ዲግሪ ፈንታ በ330 ያደርስሃል እንበል። ቀጥታ የሌለው፣ ኩርባ በኩርባ የሆነ ትራክ ላይ ጥቅሙ የሚያንሰውም ለዚህ ነው። ፍጥነቱም ይቆጠራል፤ ከፊት ያለው የአየር ግፊት በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት 460 ፓስካል ገደማ ሲሆን በ200 አራት እጥፍ፣ 1,850 ይሆናል።

ሳትለካ ምንም አትሥራ። ለዲስክ የሚሆኑ ሙቀት አመልካች ቀለሞች አሉ፤ የተለመዱት ሦስቱ አረንጓዴው በ430፣ ብርቱካናማው በ560፣ ቀዩ በ610 ዲግሪ መልካቸውን ይቀይራሉ። በዲስኩ ውጭኛ ጠርዝ ላይ ሦስቱንም ጎን ለጎን ቀባ፣ ካሊፐሩ ላይ የሙቀት ተለጣፊ ወረቀት ለጥፍ። በእጅ የሚያዘው የኢንፍራሬድ መለኪያ እዚህ ያታልላል፦ መኪናዋ እስክትቆም ዲስኩ ይበርዳል፣ የሚያብለጨልጭ ብረትንም ከእውነቱ አሳንሶ ያነባል። አረንጓዴው ብቻ ተቀይሮ ዘይቱ የሚፈላ ከሆነ ጥፋቱ የዘይቱና የሸራው ነው። ቀዩም ከተቀየረ ቱቦው ግድ ነው።

ካሊፐሩን በተመለከተ፦ አየርህን አታካፍለው። ዲስኩ ሲበርድ ካሊፐሩ ተከትሎ ይበርዳል፣ ምክንያቱም የሚሞቀው ከዲስኩና ከሸራው ነው።

ሞርሳ፦

ስለ ቱቦው ራሱ ማንም አልተናገረም። የአሉሚኒየም ፎይሉን ተወው። መሪው ሲዞርና ጎማው ሲነሣ ሲወርድ በአንድ ቀን ውስጥ ይቀደዳል፣ ግድግዳው ስስ ስለሆነም በቀላሉ ይጨፈለቃል። የምትፈልገው በመስታወት ክር ጨርቅና በሲሊኮን የተሠራ፣ ውስጡ የሽቦ ጠመዝማዛ ያለበት ቱቦ ነው፤ ከ250 ዲግሪ በላይ ይችላል። ኒዮፕሪኑ የሚችለው የዚህን ግማሽ ያህል ነው፤ ከፓራውልቱ ጀርባ ይበቃል፣ ዲስኩ አጠገብ ግን አይሆንም። በአንድ ጎን ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይበቃሃል።

ውስጡ የተሸበሸበ ቱቦ ለስላሳ ከሆነው ይልቅ አየሩን በጣም ይጎትታል። ወጥረህ ግጠመው፣ አሳጥረው፣ ሹል መታጠፊያ አትስጠው። የመታጠፊያው ራዲየስ በቱቦው መሐል ሲለካ ቢያንስ የስፋቱ 1.5 እጥፍ ይሁን፤ ለ76 ቱቦ 115 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ክፍል በጠንካራ የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም ቧንቧ ሠርተህ ተጣጣፊውን ለመጨረሻው ግማሽ ሜትር ብቻ ብትተው ልዩነቱ ይታያል።

ሁለቱም ጫፎች በብረት ፋሼታ ይታሰሩ። የፕላስቲክ ማሰሪያ ዲስኩ ጋ ይቀልጣል፣ ቱቦው ይወልቅና ጎማው ሥር ይገባል። መሐል ላይ አንድ ቦታ ከታችኛው ክንድ ጋር አያይዘው፤ ከአካሉ ጋር ካሰርከው ጎማው ሲወርድ ይጎትተዋል።

አፉ፦ የጭጋግ መብራቱ ቦታ ጥሩ ነው፣ አየሩ ፊት ለፊት የሚመታው ነው። ጠርዙ ስለታም አይሁን፣ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ክብ ይሁን። በአፉና በፓራውልቱ መካከል ያለውን ክፍተት በላስቲክ ድፈን፤ ካልደፈንከው አየሩ ወደ ቱቦው ከመግባት በጎን መሄድ ይቀለዋል። 76 ቱቦ 45 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ አፉ 9 በ5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይመጥነዋል። የጠጠር ወንፊት ካስገባህ ሽቦው ቦታ ስለሚይዝ አፉን ከ20 እስከ 30 በመቶ አስፋው። ከአራት ማዕዘን ወደ ክብ የሚሸጋገረው ክፍል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይርዘም፤ በድንገት ከሰፋ አየሩ ከግድግዳው ይለያል። የራዲያተሩን አየር ግን አትንካ፤ ፍሬን አብርደህ ሞተር ታግላለህ።

ህትመቱ ይይዛል፣ ፒኤልኤ የሚባለው የህትመት ፕላስቲክ ካልሆነ። እሱ 60 ዲግሪ ላይ ይለሰልሳል፤ በፀሐይ የቆመ መኪና ፓራውልት ጀርባ እንኳ ይጣመማል። ፔትጂ የሚባለው ፕላስቲክ እስከ 80፣ ኤቢኤስ (ፕላስቲኩ እንጂ የፍሬኑ ሥርዓት አይደለም) እስከ 100 ገደማ ይሄዳሉ። ዲስኩ ጋ ግን የትኛውም ፕላስቲክ አይጠጋ።

ኩርባ_ወዳድ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዲስኩን አውጥቼ አየሁ፤ መግቢያው ወደ ውስጥ ነው፣ ክንፎቹም ቀጥ ያሉ ናቸው። ኩሽኔታው አልላላም። ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ በዲስኩና ኩሽኔታውን በያዘው ብረት (ናክሉ) መካከል አንገቱ የሚያልፍበት 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛ፣ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ጎማው ወደ ውስጥ ገብቶ ለቱቦው 65 ሚሊ ሜትር ይተዋል። ወደ 63 ልውረድ ወይስ ሁለት ባለ 50 ቱቦ ላስገባ?

ላሜራ_ቆራጭ፦

ለአንገቱ 76ቱን በሞርሳ (የብረት መጨበጫው መሣሪያ) ጨፍልቀው። ወደ 45 ሚሊ ሜትር ስታሳንሰው ጎኑ ወደ 94 ይሰፋል፣ ስፋቱም ከ45 ወደ 38 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። 17 በመቶ ነው የምታጣው። 63 ቱቦ ግን ገና ከመጀመሪያው 31 ብቻ ነው። ሳይጨፈለቅ የሚቀረው ጫፍ ክብ ሆኖ ፋሼታውን ይይዛል፣ ስለዚህ ቁራጩን 80 ሚሊ ሜትር አርዝመውና አንዱን ጫፍ ብቻ ጨፍልቅ። ስትጨፈልቅ ግድግዳው እንዳይታጠፍ ውስጡ እንጨት አስገባ፣ ቀስ በቀስ ጥበብ። ረጅሙ ጎን የሀቡን ዙሪያ ተከትሎ ይተኛ፤ እንዲያውም ክቡ ከሚሸፍነው የበለጠ የእምብርቱን ክፍል ያገኛል።

ሞርሳ፦

ለጎማው 65 ሚሊ ሜትር ላይ እኔ 76ቱን አልተውም፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ትራክ ላይ መሪው እስከ ጥግ አይዞርም፤ የሚዞረው መኪና ስታቆም ነው። መኪናዋ በተጎታች የምትመጣ ከሆነ የመሪውን መዞር በሁለቱም በኩል ትንሽ የሚገታ ቀለበት በመሪ ዘንጉ ላይ አስገባ። በመንገድም የምትነዳት ከሆነ ይህን አታድርግ። ወይ ወደ 63 ውረድ፣ ወይ ሁለቱን ባለ 50 አስገባ። ሁለቱ ሲደመሩ 39 ካሬ ሳንቲ ሜትር ናቸው፣ ከ63ቱ ይበልጣሉ፤ ግን አየሩ የሚታሸው ግድግዳ ስለበዛ ልዩነቱ ቁጥሩ እንደሚያሳየው አይሰፋም። ፋሼታውም ሥራውም እጥፍ ነው። ለመንገድ መኪና እኔ 63ቱን እመርጣለሁ።

የትኛውንም ብትመርጥ ፍተሻው አንድ ነው። ሞላውን አውጣ ወይም የታችኛውን ክንድ በክሪክ እያነሣህ እያወረድክ ጎማውን ከላይኛው ጥግ እስከ ታችኛው አንቀሳቅስ። በየ30 ሚሊ ሜትሩ መሪውን ከግራ ጥግ ወደ ቀኝ ጥግ አዙር። በክሪክ ተንጠልጥላ ብቻ ስትፈትሽ የሚነካ ነገር የለም፤ ጎማው ተጨምቆ ወደ ላይ ሲገባ ነው የሚነካው። ከመጀመሪያው ሩጫ በኋላ ቱቦው ላይ ጥቁር የጎማ ምልክት ካየህ ዛሬውኑ አንቀሳቅሰው፤ ነገ ቀዳዳ ይሆናል።

አፍንጫ_ክፍት፦

ስለ ቀላሉ መንገድም አንድ ነገር ልበል። ከታችኛው ክንድ ጋር ታስራ ከመኪናው ሥር የሚያልፈውን አየር ወደ ዲስኩ የምታዞር የፕላስቲክ ሰሌዳ አለች፤ ፖርሽ በ911 ጂቲ3 ላይ ይጠቀምባታል። ቱቦ የላትም፣ ጎማ አይነካትም፣ በሁለት ማሰሪያ ትገጠማለች። ዲስኩን እንደ ቱቦ አታበርድም፣ ግን ሙቀቱ በ430 እና በ560 መካከል ላለ ሰው ከአዲስ ዘይት ጋር ልትበቃ ትችላለች። ቀለሙን ቀብተህ ብርቱካናማው ሳይነካ ከቀረ መበየጃውን ሳታነሣ ይቺን ሞክር።

ሙቀት_ለኪ፦

እስማማለሁ፤ የመከለያው ቀዳዳ ግን ለእሷም ያስፈልጋል፣ ካልሆነ አየሩ ላሜራውን ነው የሚመታው።

ቱቦው ከተገጠመ በኋላ ሁለት ሩጫ በተመሳሳይ ቀን አድርግ፤ አንዱን አፉ ክፍት፣ ሌላውን አፉ በቴፕ ተዘግቶ፣ በየመሐሉ አዲስ ቀለም እየቀባህ። ግራውን ከፍቶ ቀኙን ዘግቶ መሞከር አይቻልም፤ ሁለቱ ሸራዎች በተለያየ ሙቀት ሲሠሩ መኪናዋ በኃይል ስትረገጥ ወደ አንድ ጎን ትስባለች። የግራና የቀኙ ቱቦ ርዝመትና መታጠፊያም ለዚሁ ሲባል ይመሳሰል።

አረንጓዴው እንኳ ካልተቀየረና ሸራው መጀመሪያ ላይ አልይዝ ካለ አብዝተህ አብርደሃል። የአፉን ሩብ በቴፕ ሸፍን፣ እንደገና ለካ። ዝናብ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ዝጋው፤ ቱቦው ለጋለ ዲስክ ውኃ ማቅረቢያ ይሆናል። በመንገድ ስትነዳም ዝጋው።

መኪናዋ ስትቆም ቱቦው አይሠራም፣ ስለዚህ የመጨረሻውን ዙር ፍሬን እምብዛም ሳትነካ ጨርስ። ቆመህም ፔዳሉን ረግጠህ አትቆይ፣ የእጅ ፍሬንም አትሳብ፤ ጎማው ሥር ታኮ አድርግ። የጋለ ሸራ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ሲቆይ ዲስኩ ላይ አሻራውን ይተዋል፣ በሚቀጥለው ሩጫ መሪው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ጎማውን አውጥተህ ዲስኩን እይ፦ በገጹ ላይ ያሉ ፀጉር የሚያካክሉ ጫፎቻቸው ያልተገናኙ ስንጥቆች የተለመዱ ናቸው። አንዱ ስንጥቅ ወደ ውጭኛው ጠርዝ ከደረሰ ግን ዲስኩ ያን ዕለት ይቀየራል፣ ቱቦው የቱንም ያህል ቢሠራ።